የበረዶ ሜዳው ስም ጠሪ

ሄለን ስትደውል ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበርኩ። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ የምትለው አልሰማ አለኝ፤ በሩን ገፍቼ ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁና "ድገሚልኝ እስቲ" አልኳት።

"ብርቱካን፣ አባዬ ሞተ።" አለችኝ። "ወይስ አረፈ ነው የሚባለው? ለሰዎች ቴክስት ላደርግ ነው፤ ስህተት እንዳልጽፍ ፈራሁ።"

"አረፉ በይ። ጋሽ አለልኝ አረፉ ብለሽ ጻፊ።"

"በየትኛው አ? አልፋው ነው ዓይኑ?"

እዚህ ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሄዶ እንግሊዝኛ ላይ የሚወድቅ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። ነገር ግን አባቷ በሞቱ ዕለት እንኳ የትኛው አ እንደሆነ ሳትጠይቅ አትጽፍም፤ የማን ልጅ ሆና! "በዓይኑ ነው" አልኳት። 

ከበጋው ጀምሮ ልባቸው አስቸግሯቸው ሜዲካል ዲስትሪክት ካለው ሆስፒታል ሲመላለሱ ስለነበር ድንገተኛ አልነበረም። ቢሆንም ልብሴን ማሽኑ ውስጥ ትቼ ፓርኪንጉ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ጋሽ አለልኝን ብዙ ሰው በብዙ ነገር ያስታውሳቸዋል። እኔ የማልረሳቸው ግን በ2021 መጀመሪያ ላይ የሦስት ሟች ሠራተኞችን ስም በድምፅ ማጉያ ለመጥራት በገጠሙት ሙግት ነው። ያንን ለማውራት መጀመሪያ ሰውየውን ማስተዋወቅ አለብኝ።

ሥራቸው የሆኪ ጨዋታ አስተዋዋቂነት ነበር። ይህን ለሐበሻ ስነግር የምቀልድ ይመስለዋል። በበረሃ ከተማ፣ ውጭ ሰው በሙቀት እየቀለጠ፣ አዳራሽ ውስጥ በረዶ አንጥፈው ዱላ ይዘው የሚንሸራተቱ ሰዎች አሉ፤ የእነዚያን ሰዎች ስም ለተመልካች የሚጠራው ደግሞ በ1980ዎቹ በሱዳን አድርጎ የመጣ አጭር የጎጃም ሰው ነው። ቡድኑ ከትልቁ ሊግ በታች የሚጫወት፣ አዳራሹም ከካዚኖዎቹ ጎዳና ራቅ ያለ ነው። ጎል ሲገባ ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳቀበለ፣ ማን አጥፍቶ ለሁለት ደቂቃ እንደተቀጣ ማይክ ከፍተው ይናገራሉ። "የቴሌቪዥን ኮሜንታተር ነዎት?" ብሎ የጠየቃቸውን ሰው አይምሩትም ነበር።

"እሱ ያወራል፤ እኔ እጠራለሁ" ይሉታል።

ድምፃቸውና ሰውነታቸው አይገናኙም። ስልክ ላይ የሰማቸው ሰው ግንድ የሚያህል ሰውዬ ይጠብቃል፤ እሳቸው ግን ወንበራቸው ላይ ሁለት ትራስ ካልደረቡ የበረዶው የቅርብ ጠርዝ አይታያቸውም። ድሮ መሀል ከተማ አንድ ካዚኖ ውስጥ የቢንጎ ቁጥር ይጠሩ ነበር። ቡድኑ ሲቋቋም ከሠራተኞቹ አንዱ ቢንጎ ሊጫወት ገብቶ ሰማቸውና ሥራ ሰጣቸው። ሆኪ የሚባል ነገር በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። "የመጀመሪያ ቀን ልጆቹ ጓንታቸውን ጥለው መደባደብ ሲጀምሩ፣ ማይኩን ከፍቼ ኧረ ገላግሉ! ልል ምንም አልቀረኝም" እያሉ ራሳቸው ይስቁ ነበር። እዚያ ቤት ጠብ የጨዋታው አካል እንደሆነ የገባቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ገብቷቸውም አልለመዱትም፤ ሲደባደቡ ፊታቸውን ያዞራሉ።

አንድ ደብተር ነበራቸው። የእኛም የተጋጣሚም ተጫዋቾች ስም በሙሉ በአማርኛ ፊደል የተጻፈበት። "የእንግሊዝኛ ፊደል አይታመንም፤ አንዱን ጽፎ ሌላውን ያስነብባል" ይሉ ነበር። ቼኩ፣ ፊንላንዳዊው፣ ሩሲያዊው፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ካናዳዊ ሁሉ በግዕዝ ፊደል ተሰልፎ ቁጭ ብሏል። የእኛም ፊደል ቢሆን አንድ ጉድለት አለበት፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ስለዚህ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ነጥብ ያደርጋሉ።

ለምን እንዲህ ትጨነቃለህ ያላቸው ሰው የራሳቸውን ስም ታሪክ ይሰማል። "አለልኝ፣ ለው ሲጠብቅ፣ እናቴ ያወጣችልኝ ነው። ሁለት ልጆች ሞተውባት እኔ ስቀር፣ ይኸው አለልኝ ማለቷ ነው። አሜሪካኖቹ አላልተው ይጠሩኛል። ሲላላ ደግሞ ተናገረልኝ ማለት ነው። እንጀራዬ ስለሆነ ምንም አልላቸውም።"

አዲስ ተጫዋች በመጣ ቁጥር ኮሪደር ላይ ጠብቀው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ "እናትህ ምን ብላ ነው የምትጠራህ?" አንዴ በር የሚያህል የስሎቫክ ተከላካይ "እንደተመቸህ በለው" አላቸው። እንዲህ ያላቸው ሰው ቀንቶት አያውቅም። "ደውልላት" አሉት። ልጁ እየሳቀ በስፒከር ደወለ። እናትየው ስሙን ጠርታ ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ የምትለው ለማናችንም አልገባንም። ጋሽ አለልኝ ደብተራቸውን ከፍተው ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገሟት፤ ነጥባቸውን አደረጉ፤ በማይገባት እንግሊዝኛ አመሰገኗት። ልጁ ስልኩን ሲዘጋ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

"ምን አለችህ?"

"በልተሃል ወይ ነው የምትለኝ።"

"ታዲያ በልተሃል?" አሉት፤ የምራቸውን ነበር የጠየቁት።

ዓርብ ዓርብ ስሞቹን ለመለማመድ ወደ ቦልደር ሲቲ ይነዱ ነበር። መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ ሰው አይሰማቸውም። መስኮቱን ዘግተው ሄደው እስኪመለሱ ይጠራሉ። ሄለን ልጅ እያለች ከኋላ ወንበር ታስራ አብራቸው ትሄድ ነበር። "ኤቢሲዲ ሳልማር የቼክ ተከላካዮችን ስም አውቅ ነበር" ብላኛለች።

እኔ የተዋወቅኳቸው የጋዜጠኞቹን መደዳ ሳጸዳ ነው። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ ፊደል ካየሁ ሳላነብ ማለፍ አልችልም። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት፤ እናቴ አስተማሪ ስለነበረች የነጥቡን ነገር አውቀዋለሁ። ከኋላዬ "ድገሚው!" የሚል ድምፅ ሲመጣ መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። ደገምኩት።

"ማነሽ አንቺ?"

"ብርቱካን።"

"መጥረጊያሽን አንሺና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፣ ብርቱ።"

ዓይናቸው እየደከመ፣ የተጫዋቾቹ ማሊያ ላይ ያለው ቁጥር እየጠፋባቸው ነበር። ለብራያን፣ ለአለቃችን፣ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ብቻ ከሁለት ሳምንት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። ጎል ሲገባ ቁጥሩን አያለሁ፤ ያገባውንና ያቀበለውን ስም ቁራጭ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፌ እሰጣቸዋለሁ።

ደግ ሰው ነበሩ ብዬ ብቻ ባልፈው የሚያውቋቸው ይታዘቡኛል። ቁጡ ነበሩ። ከጨዋታ በፊት ለሁለት ሰዓት ዝንጅብል እያኘኩ ማንንም አያናግሩም። ሲያኮርፉ ደግሞ የሚችላቸው የለም። አንድ ቀን ጥድፊያ ላይ ሆኜ የአንድ ፊንላንዳዊ ተጫዋች ስም ላይ ነጥቡን ረሳሁት። አላልተው ጠሩት። ከተመልካቹ ማንም አላወቀም፤ ሰውየው ብቻ ከበረዶው ላይ ቀና ብሎ አየን። ጨዋታው ሲያልቅ በደረጃው እየሮጡ ወርደው የተጋጣሚው ቡድን አውቶቡስ በር ላይ ቆሙ። "ስምህን አበላሽቼብሃለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉት። ፊንላንዳዊው ግራ ገባውና እጃቸውን ጨበጠ።

የእኔ ጥፋት መሆኑን ለማንም አልተናገሩም። ለእኔም አልተናገሩም፤ ሦስት ጨዋታ ሙሉ ከ"ቁጥር?" በስተቀር ቃል አልወጣቸውም። በአራተኛው አዲስ ቀይ እስክሪብቶ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡልኝ። "ሰውዬው ከአገሩ ይዞት የመጣው ስሙን ብቻ ነው፣ ብርቱ" አሉኝ። እኔ ደግሞ አልቃሻ ነኝ፤ አለቀስኩ፤ እሳቸውም "ጨዋታው ተጀምሯል፤ ወደ በረዶው እዪ" ብለው ተቆጡኝ።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። በ2020 ማርች ላይ በኮሮና የተነሳ አዳራሹ ተዘጋ፤ መቆለፊያ የማያውቁት የካዚኖ በሮች ሁሉ ተዘጉ። ቤት ዋልን። ጨዋታው እንደገና ሲጀመር ዓመቱ ተቀይሮ ነበር፤ ተመልካች ግን አልተፈቀደም። ብራያን ጋሽ አለልኝን ጠራቸውና፣ "ሰው በሌለበት ለማን ትናገራለህ? አንዴ በደንብ እንቅዳህና እሱን እንጠቀም" አላቸው።

"በረዶው ላይ ያሉት ሰው አይደሉም እንዴ?"

በማስክ ተሸፍነን፣ በመካከላችን የፕላስቲክ መጋረጃ ተደርጎ ሥራ ጀመርን። ወረቀቱን በመጋረጃው ሥር አሾልክላቸዋለሁ። ድምፃቸው በባዶዎቹ ወንበሮች ላይ ሄዶ ከግድግዳው ይመለሳል፤ እስኪመለስ ጠብቀው የሚቀጥለውን ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው ቀን ጎል ያገባው ልጅ ስሙን ሲሰማ ማንም ወዳላጨበጨበለት አዳራሽ ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ዱላውን ወደ እኛ ከፍ አደረገ። ጋሽ አለልኝ ማይኩን ዘግተው "አየሽ?" አሉኝ።

በዚያ ዓመት ከአዳራሹ ሠራተኞች ሦስቱ በበሽታው ሞተዋል። አንዷ ሉርድስ ናት፤ ሰውን ወደየወንበሩ የምትመራ ፊሊፒናዊት አሮጊት። ሁለተኛው ፈንዲሻ ሻጩ ሄክተር ነው። ሦስተኛው የእኛው ሰው፣ ፓርኪንግ ላይ የሚሠሩት አቶ ዘውዱ። ከጋሽ አለልኝ ጋር ለአሥራ አምስት ዓመት "መኪናህን አጣመህ አቆምክ"፣ "አላጣመምኩም" ሲባባሉ የኖሩ ወዳጃቸው ናቸው። ቀብራቸው ላይ የተፈቀደው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ጋሽ አለልኝ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ከአጥር ውጭ ነው የሸኟቸው።

በማርች ጥቂት ተመልካች እንደሚገባ ተነገረን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከጨዋታው በፊት ለሞቱት አንድ ደቂቃ ዝም ይባላል።

"ስማቸውን እጠራለሁ" አሉ ጋሽ አለልኝ።

ብራያን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰዓት የሚፈራ ሰው ነው። "አንድ ደቂቃ ዝምታ ብቻ ነው ያለን፣ አል። ስም ውስጥ ከገባን አያልቅም" አላቸው።

"እነሱ እኮ ዝም ብለው ነው የኖሩት። አሁን ደግሞ ዝምታ እንጨምርላቸው?" ድምፃቸው ሳይታወቃቸው የማይክ ድምፅ ሆነ። "ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ውስጥ ስም ጠራሁ። ሉርድስ ያስቀመጠችው ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። የሉርድስን ስም አንድ ቀን ጠርቼ አላውቅም። ዝምታ ብቻ ከሆነ ሌላ ሰው ዝም ያሰኛችሁ፤ እኔ አልመጣም።"

ይህን ሲሉ የማደርገው ጠፋኝ፤ ያ ወንበር ከሌለ ሰውየው ምን ሆነው እንደሚውሉ አውቃለሁና። ብራያን እሺ አለ፤ ግን ሦስት ነገር ጠየቀ። ከአንድ ደቂቃ እንዳይዘል፣ ቤተሰቦቻቸው ይፍቀዱ፣ ስሙም ፔይሮሉ፣ የደመወዝ መዝገቡ፣ ላይ እንዳለው ይሁን፤ አንዱ ከጎደለ ግን ዝምታ ብቻ ይሆናል አለ። መልስ ይዘን እንድንመለስ የተሰጠን ቀን አምስት ነበር።

የሉርድስ እህት ወዲያው ፈቀደች። እናታቸው "ኢንዳይ" ትላት እንደነበር ተናግራ አጠራሯን ስልኩ ላይ አዜመችልን። የሄክተር ወንድም እናታችን ቲቶ ነበር የምትለው አለ። ጋሽ አለልኝ የፔይሮሉንም እናት የምትጠራውንም ስም ደብተራቸው ላይ ጻፉ። የአቶ ዘውዱን ቤት ግን በስልክ አናደርገውም አሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት አብሬያቸው ሄድኩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አበባ ቻይናታውን አካባቢ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጊዜው የበሽታ ስለሆነ አልገባንም፤ በራፉ ላይ ወንበር ተሰጥቶን እሳቸው ከውስጥ እኛ ከውጭ ተቀመጥን።

"የሚመጣው ሳምንት እሑድ የዘውዱን ስም አዳራሹ ውስጥ ልጠራ ነው፣ አበባ። ፈቃድሽን ብዬ ነው የመጣሁት።"

"የዘውዱን?" አሉ ወይዘሮ አበባ። "ዘውዱማ ሱዳን ነው የቀረው።"

ሐዘን ያዞራቸው መሰለኝ። ጋሽ አለልኝ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሴትየዋ ቀስ ብለው ነገሩን። ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ዘውዱ የሚባል ጎረቤት ነበራቸው። ወደ አሜሪካ መሄጃ ወረቀቱ አልቆለት፣ ሊበር ሁለት ሳምንት ሲቀረው በወባ ሞተ። በእሱ ወረቀት የእሳቸው ባል ተሳፈሩ።

"በዚያው ስም ሠላሳ አምስት ዓመት ሠራ። ሺፍቱ በዚያ ስም፣ ሐኪም ቤቱ በዚያ ስም፤ መቃብሩም ላይ የተጻፈው እሱ ነው። ይጥሩት ካሉ ይጥሩት፣ ጋሼ፤ አልከለክልም። ግን እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የምሰማው የሌላ እናት ልጅ ስም ነው።"

"እውነተኛውን ልጥራዋ።"

"እንዴት ተደርጎ! ልጄ የመንግሥት ሥራ የገባችው ገና አምና ነው። ወረቀቱ ይመርመር ቢባልስ? እኔስ ብሆን የመጣሁት የዘውዱ ሚስት ተብዬ አይደል? ቄሱ በክርስትና ስሙ ሸኝተውታል፤ እሱ ይበቃዋል።" ይህን ብለው በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። "አይበቃውም። ግን ምን ላድርግ?"

ጋሽ አለልኝን አየኋቸው። ፈቃድ ካልተገኘ ብራያን ለሦስቱም ዝምታ ነው ያለው። የወረቀቱን ስም ከጠሩ ደግሞ የሴትየዋን ባል ሁለተኛ ጊዜ ሊቀብሩት ነው። ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። ከዚያ "ብርቱ፣ እስቲ መኪናው ጋ ጠብቂኝ" አሉኝ።

ከፋኝ፤ ግን ወረድኩ። ሲመለሱ መኪናዋን ሳያስነሱ መሪውን ይዘው ተቀመጡ።

"እውነተኛ ስሙን ነገረችኝ። አንቺ ግን አትጠይቂኝ።"

አልጠየቅኳቸውም፤ እስከ ዛሬም አላውቀውም። "ታዲያ ምን ሊሉ ነው?" አልኳቸው።

"ሌላም ጠየቅኳት" አሉና ሞተሩን አስነሱ። "እሑድ ትመጫለሽ ወይ ብያት ግን አልመለሰችልኝም።"

ሰኞ ብራያን ቢሮ ገቡ። "ስክሪኑ ላይ ፎቷቸውና የፔይሮሉ ስም ይውጣ። እኔ የምለው እናቶቻቸው የሚጠሯቸውን ነው። ሦስት ቃል ነው፤ ደቂቃም አይሞላም" አሉት። ብራያን ቆንጆ ሐሳብ መሰለው። "የቁልምጫ ስም? አሪፍ ነው" አለ። ጋሽ አለልኝ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወጡ።

እሑድ ሦስቱን ስም በትልልቁ ጻፍኩላቸው። ሦስተኛውን ሲነግሩኝ ሳቄ አመለጠኝ። ድንቡሼ! አቶ ዘውዱ እኮ ንፋስ ይወስዳቸዋል የሚባሉ ቀጭን ነበሩ፤ የፓርኪንግ ጃኬቱ ከትከሻቸው ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው።

"አትሳቂ" አሉኝ፤ አልተቆጡም። "እናቱ ያየችው አንቺ ያየሽውን ሽማግሌ አይደለም።"

ሰው እየተራራቀ ገባ። እዚህ አራት፣ እዚያ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። በመነጽሬ መደዳውን ሁሉ ፈለግሁ። የሄክተር ወንድም ከልጆቹ ጋር ታች አለ፤ የሉርድስ እህት አለች። ወይዘሮ አበባ የሉም። "አልመጡም" ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዝንጅብሉ እጃቸው ላይ እንዳለ አልበሉትም። የአዳራሹ መብራት ሲደበዝዝ በላይኛው ደርብ አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት የልጃቸውን ክንድ ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ አየሁ። የማስኩ ነገር ሆኖ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ለጋሽ አለልኝም ለመናገር ጊዜ አልነበረም።

ቆሙ። ጋሽ አለልኝ ቆመው ተናግረው አያውቁም፤ ማይኩን ከማስቀመጫው ነቅለው ነው የያዙት። ስክሪኑ ላይ የሉርድስ ፎቶ መጣ።

"ኢንዳይ።"

ታች የተቀመጠችው እህቷ አንገቷን ደፋች። ቀጥሎ ሄክተር የፈንዲሻ ሳጥኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲስቅ መጣ።

"ቲቶ።"

ከልጆቹ አንዱ አጨበጨበና አባቱ እጁን ያዘው። ከዚያ የአቶ ዘውዱ ፎቶ ወጣ፤ ከሥሩ የዚያ በወባ የሞተው ሰው ስም ተጽፏል። ጋሽ አለልኝ ወረቀቱን አላዩትም። ማይኩን ትንሽ ከአፋቸው አራቁት። የወጣው ድምፅ ሃያ ሁለት ዓመት አዳራሹ የለመደው ድምፅ አልነበረም፤ እራት ደርሶ ልጅን ከውጭ የሚጠሩበት ድምፅ ነበር።

"ድንቡሼ!"

 አንድም ሰው አልተነቃነቀም፤ ተጫዋቾቹም በበረዶው ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከዚያ ከላይኛው ደርብ፣ ያለ ማይክ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ።

"አቤት!"

ሰው ሁሉ ዞረ። ልጅቷ እናቷን ደንግጣ ስታይ ታየኛለች። ወይዘሮ አበባ ቆመው ነበር። መቼ እንደተነሱ ራሳቸውም ያወቁ አይመስለኝም። ማይኩ ከአጠገቤ ባይኖር ጮኼ ባለቀስኩ፤ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት።

በጆሮ ማዳመጫው ብራያን "ምንድን ነው? ማነው የጮኸው? ምን ተፈጠረ?" ይላል። ጋሽ አለልኝ ማይኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ፤ ዓይናቸውን ከላይኛው ደርብ ሳያነሱ መለሱለት።

"ተጠራ፤ መለሰ" አሉት።